እትዬ ሀዋ በከሰል የጋገሩት ኬክ

ትናንት የወንድሜን የልደት ኬክ ኦቨን ውስጥ እንደከተትኩ መብራት ጠፋ። ምን ይደረግ፣ ሊጡን በድስት አድርጌ ከሰል ላይ ጣድኩት። የቫኒላው ሽታ ከከሰሉ ጋር ተደባልቆ ቤቱን ሲሞላው በሩን ከፍቼ ውጭ ወጣሁ። ሰው በኬክ ሽታ ይፈራል? እኔ እፈራለሁ።

የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አባቴ ከሞተ ወዲህ እማዬ፣ እኔና ትንሹ ወንድሜ ናቲ አሶሳ ውስጥ እትዬ ሀዋ ግቢ ተከራይተን ነበር የምንኖረው። እማዬ ከጎጃም ተመድባ የመጣች አስተማሪ ናት። ለስብሰባ ካማሺ በሄደችበት ሰሞን ግጭት ተነስቶ መንገዱ ተዘጋ፤ ኔትወርክም ጠፋ። የወሰዳት መኪና ሹፌር የእትዬ ሀዋ አንድያ ልጅ፣ ዑመር ነበር።

አፍ ያለው ሁሉ ወሬ ነበረው። ቧንቧ ጋ ተሰልፌ አንዷ ሴትዮ «የካማሺው መንገድ ላይ መኪና ተመትቷል አሉ» ስትል ሰማሁ። ጄሪካኔን ሳልሞላ ሮጬ ገባሁ። ከዚያ ወዲያ የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር ጓዳ ገብቼ እደበቅ ጀመር። የሚያንኳኳው ሰው ምን ሊነግረን እንደመጣ አላውቅማ።

ናቲ ይህን ሁሉ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው አራት ዓመት ሊሞላው እንደሆነና እማዬ መኪና ያለበት ኬክ ልትሠራለት ቃል እንደገባች ነው። ቀኑ ሲደርስ ከጠዋት ጀምሮ አለቀሰ። እትዬ ሀዋ ኬክ ጋግረው አያውቁም፤ በቤታቸውም ልደት የሚባል ነገር አልነበረም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ እማዬ ያስቀመጠችውን ዱቄትና ቫኒላ አስወጡኝ።

«አንተ እንቁላል ምታ፤ እሳቱን ለእኔ ተው» አሉኝ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም ነበር።

ትልቅ ድስት ውስጥ አሸዋ አፈሰሱ፤ የሊጡን ሳህን በላዩ አስቀምጠው በቆርቆሮ ከደኑና ከላይም ፍም ደረደሩበት። ሲወጣ አንድ ወገኑ አርሮ፣ ወደ ጎን ዘመም ብሎ ነበር። ያረረውን በቢላ ፋቁት፤ የተፈጨ ስኳር በእንቁላል ነጭ መትተው ቀቡት። ከርከዴ የሚሉትን ቀይ የአበባ ሻይ ከስኳር ጋር እስኪወፍር አፍልተው በቀዩ ሽሮፕ መኪና ሣሉበት፤ ጎማዎቹ የማንጎ ቁራጭ፣ ተሳፋሪዎቹ ለውዝ። ናቲ እንባው ሳይደርቅ ሳቀ።

«እማዬ የቷ ናት?» አለ።

እትዬ ሀዋ ከሹፌሩ ጎን ያለችውን ለውዝ ሊያሳዩት ጣታቸውን ዘረጉ። ጣታቸው ግን ሹፌሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። እሳቸውም እንደሚፈሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ትልቅ ሰው ሲፈራ ማየት ከወሬው ሁሉ የባሰ ነበር።

የጎረቤት ልጆች ዘፍነው ሲጨርሱ ናቲ ቢላውን አነሳ። መኪናውን ሊቆርጠው ነው። ልነጥቀው ተነሳሁ። እትዬ ሀዋ እጁን ቀብ አደረጉት።

«መንገድ ላይ ያለ ሰው ቢላ አይነካውም» አሉ። «ዳር ዳሩን ብላ።»

ዙሪያውን ራሳቸው ቆርጠው ለልጆቹ አደሉ። መሃሉ ላይ መኪናው ሙሉውን ቀረ። ሰፌድ ደፍተውበት መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት፤ ማንም እንዳይነካው አስጠነቀቁን። እኔ ግን ሰው ባላየኝ ቁጥር ሰፌዱን ገለጥ አድርጌ ተሳፋሪዎቹ መኖራቸውን አረጋግጥ ነበር።

እማዬ ከቀናት በኋላ የሰው ጫማ ተጫምታ፣ ፊቷ ጠቁሮ መጣች። እኔና ናቲ እግሯ ላይ ተጠመጠምን። እትዬ ሀዋ አቀፏትና በትከሻዋ አሻግረው በሩን አዩ። ከኋላዋ ሌላ ሰው አልገባም።

«ዑመርስ?»

እማዬ እግራቸው ላይ ወደቀች። ተኩሱ ሲጀመር ዑመር መኪናውን አቁሞ ተሳፋሪዎቹን አንድ በአንድ ወደ ጫካው አስገብቷቸው ነበር። እሱ ራሱ አልደረሰም።

በዓመቱ እማዬ ልደት የሚባል ቃል ከአፏ ማውጣት ፈራች። እትዬ ሀዋ ግን ከሰላቸውን ይዘው ራሳቸው በራችን ላይ ቆሙ።

«ዑመር የተወለደ ቀን እኔ አያውቅም» አሏት። «ይኼ ልጅ ቀኑን ያካፍለው?»

ናቲ ምኑም ሳይገባው «እሺ» አለ።

እትዬ ሀዋ ካረፉ ቆዩ። ናቲ አሁን ከእኔ በቁመት ይበልጣል። ትናንት ኬኩ ሲቀዘቅዝ ክሬሙን ተቀብሎኝ፣ እንደ ወትሮው መጀመሪያ የዑመርን ስም ጻፈ፤ የራሱን ከሥር አስከተለ።