ማግኔት ብር አያነሣም

የድሮ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው ታሪክ ወዳድ ነው ይባላል። አይደለም። እኔ ስሰበስብ ብዙ ዓመቴ ነው፤ ከታሪኩ ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ ሁልጊዜ ሌላው ሰው ምን አገኘ የሚለው ነው። ሌሎቹንም ሰብሳቢዎች አውቃቸዋለሁ፤ ከእኔ አይሻሉም።

በደርግ ጊዜ ዶሮ ማነቂያ ስኖር፣ የፒያሳ ወርቅ ቤቶች አቅልጠው መስቀል ሊሠሩባቸው ያዘጋጇቸውን አሮጌ ብሮች እየለመንኩ እገዛ ነበር። ባለ አንበሳው ብር ሁለት ዓይነት ነው፤ በአንዱ አንበሳው ቀኝ እግሩን አንሥቷል፣ በሌላው ግራውን። ቀኙ ነበረኝ። ግራውን ስመኝ ዓመታት አለፉ።

አጥር የምንዋሰን ልብስ ሰፊ ሽማግሌ ደግሞ የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ከተሰበረ ሬዲዮ የወጣና መርፌ የሚለቅሙበት ማግኔት አላቸው፤ ዝናብ ባባራ ቁጥር እሱን በሲባጎ አስረው በየቦዩ ይጎትቱታል። «አንድ ቀን ብር ይዞልኝ ይወጣል» ይሉኛል። ይዞላቸው የሚወጣው ምስማር፣ ቆርኪና ምላጭ ነው። ማግኔት ብር እንደማያነሣ አውቃለሁ፤ ሁለት ክረምት ሙሉ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ማየት ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ እሑድ ቀበሌው ለልማት ሥራ ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አወጣንና ለየቤቱ የሚቆፈር የቦይ ድርሻ ተለካ። የእኔ ድርሻ ድንጋይ ብቻ ሆነ። ወዲያው ወገቤን አመመኝ አልኩ።

«ምሁሩ፣ መጽሐፍ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲጎብጥ የማያመው ወገብህ አካፋ ሲያይ ነው የሚያመው?» አሉኝ ሽማግሌው። ይህን ብለው ግን ቦታ ለወጡኝ።

እኔ በእሳቸው ለስላሳ አፈር ስዝናና፣ እሳቸው የእኔን ድንጋይ ፈነቃቅለው ማግኔታቸውን በወጣው አፈር ላይ አሳለፉት። ዝገት የበላት ትንሽ የቆርቆሮ ሙዳይ ተለጥፋ ወጣች። እጃቸው ላይ ስትፈረካከስ ከውስጧ አንድ የጠቆረ ብር ዱብ አለ። ከጎናቸው ነበርኩና በደንብ አየሁት። ግራ እግሩን ያነሣው አንበሳ ነው። በእኔ ድርሻ! በዚያ እርባና ቢስ ማግኔት!

የቀበሌው ሊቀመንበር ብቅ ሲል ሽማግሌው ብሩን ጉንጫቸው ውስጥ ወሸቁት።

«ምን ተገኘ፣ ጓድ?»

«ምንም፤ ጥርሴን አሞኝ ነው» አሉ፣ አፋቸው እየተኮላተፈ።

«ይሄ ማግኔት ደግሞ ዛሬ ጥርስ ሊነቅል ነው እንዴ!» አለች አንዲት ጎረቤታችን። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ለሊቀመንበሩ ልጠቁም አስቤ ነበር። የተውኩት ደግ ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ ከተወረሰ እኔም አላገኘውም።

በማግሥቱ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። «አንተ ታነባለህ። ይሄ ጥቁረት በምን ይለቃል?»

ሰብሳቢ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ አሮጌ ብር አይታሽም። ከታሸ ምስሉ ከጥቁረቱ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ የሚፈልገው የለም።

«በሎሚና በደቃቅ አሸዋ» አልኳቸው። «ጠንከር አድርገው ይሹት፣ ጋሼ።»

በሦስተኛው ቀን ብሩን ይዘው ቤቴ መጡ። እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። የአንበሳው ጋማ ጠፍቷል፤ ያነሣው እግር ጉብታ ብቻ ሆኗል። በልቤ ጮቤ ረገጥኩ።

«በል፣ ያዝ» አሉኝ።

«ምን ላድርገው?»

«ያንተው ነው እንጂ! ካንተ ድርሻ አይደል የወጣው? ያን ለታውኑ ያልሰጠሁህ፣ ቆሻሻ ነገር ለሰው አይሰጥም ብዬ ነው።»

መዳፌ ላይ አኖሩትና ማግኔታቸውን በሲባጎው እያወዛወዙ ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። እኔ ከስብስቤ አንዲት ቤሳ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። ብሩ እጄ ገብቶ እንኳ፣ እዚያው ደጃፌ ላይ ቆሜ ቀናሁባቸው።

ዛሬም ሣጥኔ ውስጥ ነው፤ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ያበራል። ቤቴ ብትመጡ ስብስብህን አሳየን አትበሉኝ።