መጋረጃ ሰፊዋና የተዘጋው ትምህርት ቤት

የሥራ ጥንዴ በስፒል የያዘችውን እጥፋት በአውራ ጣቷ ተጭና ሰፋችው፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ሌላ እጥፋት ጀመረች። እጆቿ ሲፈጥኑ ዓይን አይከተላቸውም። እኔ ከኋላዋ ቆሜ የከባዱን መጋረጃ ጫፍ እይዛለሁ። በእኛ ስፌት ቤት ሥራው በጥንድ ነው፤ አንዷ ትሰፋለች፣ ሌላዋ ጨርቁ መሬት እንዳይጎተትና ስፌቱ እንዳይቋጠር እያነሳች ትከተላለች። ከተጣመርን ብዙ ዓመት ሆኖናል፤ ልታስነጥስ ስትል እንኳ ቀድሜ ጨርቁን አላላላታለሁ።

ያን ጠዋት ግን ልቧ ሥራው ላይ አልነበረም። ትምህርት ቤት ለእረፍት ሊዘጋ ነው። ያለ አባት የምታሳድጋቸው ሁለት ሴት ልጆች አሏት፤ ትልቋ ጫማዋን ራሷ ታስራለች፣ ትንሿ ገና እጇ የበሩ እጀታ ጋ አይደርስም። ጎረቤቷ ልጆቹን እስከ እኩለ ቀን ልታይላት ፈቅዳለች፤ ከዚያ በኋላ ግን ጎረቤቷም ሥራ ትገባለች። ስለዚህ የምትፈልገው ትንሽ ነገር ነው፦ ትምህርት ቤቱ እስኪከፈት ድረስ ማልዳ ገብታ፣ እኩለ ቀን ላይ ወጥታ፣ የቀረውን የእጅ ስፌት ቤቷ ወስዳ መጨረስ።

አለቃችንን ከኋላው «ማስመሪያው» እንለዋለን። ረጅም የእንጨት ማስመሪያ ከእጁ አይለይም፤ መጋረጃ ሲለካበት ያየው ግን የለም፤ ጀርባውን ያክበታል። ከወንበሩ በላይ «እኛ ቤተሰብ ነን» የሚል ጽሑፍ ሰቅሏል። እዚያ ሥር ቆማ ጠየቀችው።

«አንቺ ለወለድሽው እኔ ልክሰር?» አላት።

«ሥራው አይጎድልም፣ አለቃ። ማልጄ እገባለሁ።»

«ዛሬ ላንቺ ብፈቅድ ነገ ድመቷ የታመመችባት ሁሉ ትሰለፍብኛለች። ደግሞስ ጥንድሽ? እሳቸው በዚህ ዕድሜያቸው ጎህ ሳይቀድ ሊመጡልሽ ነው?»

ዝም እንደምል እርግጠኛ ነበር፤ ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። «እመጣለሁ» አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም በቅጡ አልተሰማኝም።

«እማማ፣ እርስዎማ ለሁሉም እሺ ነዎት!» ብሎ ሳቀና ጀርባውን አከከ። ነገሩ በዚሁ አለቀ። እንዲህ ያለ ሰው አለቃ መሆኑ ትዝ የሚለው እንቢ ሲል ብቻ ነው።

ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ጎረቤቷ እኩለ ቀን ላይ ልጆቹን ምሳ አብልታ በሩን ከውጭ ትቆልፍባቸዋለች። እናታቸው ክብሪቱን ጠዋት ጠዋት በቦርሳዋ ይዛ ትመጣለች። ከምሳ በኋላ እግሯ የስፌት መኪናውን ፔዳል ረገጥ ለቀቅ ሲያደርግ፣ ያ ቀጥ ያለ ስፌቷ እንደ ሰካራም አረማመድ ይጣመማል።

በሳምንቱ ማስመሪያው ሴት ልጁን እጇን ይዞ መጣ። «ሞግዚቷ ቀረችብን፤ ትምህርት ቤት ደግሞ ዝግ ነው፤ እንግዲህ ምን ላድርግ?» አለ፣ በዓለም ላይ ትምህርት ቤት የተዘጋበት አባት እሱ ብቻ ይመስል። ልጅቷን ከስፌት መኪናችን አጠገብ አስቀመጣትና፣

«አንቺ ልጅ መጠበቅ ታውቂበታለሽ፤ ዓይንሽን ጣል አድርጊባት» አላት ጥንዴን።

«አለቃ፣ እጄ ሥራ ላይ ነው።»

«ዓይንሽን እንጂ እጅሽን ማን ጠየቀሽ!» አለና በራሱ ቀልድ ራሱ ሳቀ።

ልጅቷ ምን ታድርግ፤ አባቷን አልመረጠችም። ቁርጥራጭ ጨርቅ እየደረደረች ስትጫወት ቆየች፤ ከምሳ በኋላ ቀና አለችና፣

«አንቺ ልጅ የለሽም?» አለቻት ጥንዴን።

«አሉኝ፣ ሁለት።»

«የት ናቸው?»

«ቤት።»

«ከማን ጋር?»

ስፌት መኪናው ቆመ።

ወዲያው ማስመሪያው ከቢሮው ብቅ አለ። «ልጄ ሰልችቷታል፤ ተሻገሪና ባለ ቀለም እርሳስ ግዢላት። ፈጠን በይ ታዲያ፣ የሥራ ሰዓት ነው!» ብሎ ገንዘብ አስጨበጣት።

ጀርባውን ሲያዞር ገንዘቡን ስፌት መኪናው ላይ አኖረችው። ሽርጧን ፈታች፣ የጀመረችውን መጋረጃ እንዳይጨማደድ በወጉ አጠፈች፣ ቦርሳዋን አነሳች።

«እማማ፣ ደህና ይዋሉ» አለችኝ።

«ሂጂ፣ ልጄ» አልኳት።

እርሳስ የሚሸጠው ሱቅ ከመንገዱ ማዶ፣ ከመስኮታችን ፊት ለፊት ነው። ስትሻገር አየኋት። ሱቁ በር ላይ ስትደርስ አንገቷን እንኳ አላዞረችም፤ አልፋው ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሮጠች። እርሳሱም እዚያው ሱቁ ውስጥ ቀረ።