ሳሊሀና የተሸፈነው ቡና

እኔ ሔዋን ጉራ አላጣም። በሎጂክና በስሌት ንድፈ ሐሳብ ሚድ ፈተና ከሠላሳ ሃያ ሰባት አመጣሁ፤ ከሸኮ ገጠር የመጣችው ሳሊሀ፣ የዶርም ጓደኛዬ፣ ዘጠኝ። በማግስቱ የዲፓርትመንት መቀየሪያ ቅጽ ሞላች። የማስገቢያው ቀን ዓርብ ነው። አብረን ገብተን አብረን እንመረቃለን ያልኳት ልጅ ልትሄድብኝ ስትነሳ እስከ ዓርብ ላስጠናት ወሰንኩ።

አስጠናታለሁ ብዬ የማደርገው፣ እውነቱን ልናገር፣ መጮህ ነበር። ዝም ብለሽ ሸምድጂው እላታለሁ። እሷ ደብተሩ ላይ ከአንዱ ሐሳብ ወደ ሌላው የተሳበው ቀስት ላይ ጣቷን አስቀምጣ፣ ከዚህ ወደዚያ ከሄደ ለምን ወደኋላ አይመለስም ትለኛለች። እኔ ምኑን አውቄ? ፈተና ላይ አይመጣም እልና ገጹን እገልጥባታለሁ።

ሐሙስ ጠዋት መምህር ይሄይስ ሰሌዳው ላይ ጻፉ፦ ዝናብ ከመጣ ቡናው ይሸፈናል። ቡናው ተሸፍኗል። ታዲያ ዝናብ መጥቷል ማለት ነው? ከሁሉ ቀድሜ አዎ አልኩ። ክፍሉም ተከተለኝ።

ሳሊሀ ከኋላ ተነሳች።

«አይደለም ቲቸር። የታጠበ ቡና ማድረቂያ አልጋው ላይ ተሰጥቶ ቀትር ላይም ይሸፈናል፣ ፀሐዩ እንዳይሰነጥቀው። ተሸፍኖ ስላየን ብቻ ዘንቧል ማለት አንችልም።»

መምህሩ ጠመኔውን ሰጧት። ከእናቷ ጋር ቡና ስታገላብጥ ያደገች ልጅ ናት። ሁለት ክብ ሠርታ አንዱን ክፍት፣ ሌላውን ሽፍን አለችው። ከክፍት ወደ ሽፍን ሁለት ቀስት ሳበች፤ በአንዱ ዝናብ፣ በሌላው ቀትር ብላ ጻፈች። መምህሩ፣ ሳምንቱን ሙሉ ላስረዳችሁ የደከምኩት፣ ከአንዱ ሁኔታ ወደ ሌላው በቀስት የሚሸጋገረው ማሽን ይኸው አሉን። እኔ የሚዛን ከተማ ልጅ፣ ቡናን የማውቀው በጆንያ ነው። አንገቴን ደፋሁ።

ዓርብ እስከ ሬጅስትራር በር ሸኘኋት። በሩ ላይ ስንደርስ ቆማ ቅጹን ለሁለት ቀደደችው። ምን ነካሽ አልኳት።

«አንቺ ሁሌ ልክ ስትሆኚ፣ እኔ ለዚህ ትምህርት አልተፈጠርኩም ብዬ ነበር» አለችኝ። «ትናንት ባትሳሳቺ ኖሮ ዛሬ ሄጄልሽ ነበር።»

አቅፌያት እየሳቅኩ አለቀስኩ። በመሳሳቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።