ለነፍስ የተሰጠ ካፖርት

ጎንደር ፒያሳ ላይ ጣሊያን ሠርቶት በሄደው አንድ ፎቅ ሥር የሴቶች ማኅበር ልባሽ ልብስ የሚሸጥበት ሱቅ ነበር፤ ሦስት ዓመት እዚያ ሻጭ ሆኜ ሠርቻለሁ። ልብሱን የሚሰጡን የሹማምንት ሚስቶችና ከተማው ውስጥ የሚኖሩ ፈረንጆች ነበሩ። እኛ አጥበን፣ ተኩሰን፣ የጎደለውን ቁልፍ ተክተን እንሸጣለን፤ በሽያጩ ሆስፒታል ለተኙ የድኃ ልጆች ወተትና ዳቦ ይገዛል። ነገሩ ይኸው ነው። ይህችን ታህል ነገር ለጎንደር ሰው ማስረዳት ግን ዳገት ነበር።

«በነፃ የመጣ ልብስ ስለ ምን ይሸጣል? ምጽዋትም ይሸጥ ጀመር?» የሚለው አንዱ ነው። ሌላው ደግሞ ማኅበርተኞቹ ደኅና ደኅናውን ለየራሳቸው ወስደው ውዳቂውን ነው የሚያወጡት ይላል። ደኅና የለበሰች ሴት ከገባች የድኃ ጉርሻ ልትነጥቅ መጣች ተብላ ትታማለች፤ እሷ በገዛች ቁጥር አንድ ልጅ ወተት እንደሚጠጣ ማን ልብ ይበል! እኔም ራሴ አንዳንዷን ዓይኔን አጉረጥርጬባት እንደማውቅ አልክድም።

የባሰው ግን «የሙት ልብስ ነው» የሚለው ወሬ ነበር። በአገራችን ሰው ሲሞት ልብሱ ለነፍሱ ተብሎ ለንስሐ አባቱ ወይም ለነዳያን ይሰጣል። ስለዚህ ብዙው ሰው የማያውቀውን ሰው ልብስ ተሰቅሎ ሲያይ መጀመሪያ የሚታየው ሬሳ ነው። እኔ ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላ ነበር። «ኧረ ፈረንጅ በቁሙም ልብስ ይሰለቸዋል!» እላለሁ፤ የሚስቀው ስቆ ይሄዳል፣ የሚገዛውም ይገዛል።

አንድ የሐምሌ ጧት ጠጉራቸው የሸበተ ገበሬ ገቡ። ከዳባት ወዲያ ካለ ደጋ ነው የመጡት። ልጃቸው ሳንባዋን ታማ ከወር በላይ ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ በዚያን ዕለት ውጪ ተብላለች። ሐኪሙ ታዲያ «ዳግመኛ ብርድ ከመታት አትተርፍም» ብሏቸዋል። የሚሄዱት በጭነት ማኪና ላይ ተሳፍረው ነው፤ ማኪናው ከቀትር በፊት ይነሣል። «የሚሞቅ ነገር አምጪልኝ፣ እቴ» አሉኝ።

ገበሩ ሙሉ የሆነ የልጅ ካፖርት ነበረን፤ ሰማያዊ፣ የሱፍ። አወረድኩላቸው። ከውስጥም ከውጭም ዳሰሱት፣ አንገትጌውን እያጠፉ ዘረጉት።

«ይኸስ ሸጋ ነው» አሉ። ፊታቸው በራ። ከጋቢያቸው ጫፍ የቋጠሩትን ይፈቱ ጀመር።

ቋጠሮው አውራ ጣት እንኳ አያህልም ነበር። ያለ ዋጋ መስጠት ለእኔ አልተፈቀደልኝም፤ ሆኖም ከደመወዜ ይቆረጣል አልኩና ቸር ልሆን አማረኝ።

«ይተውት አያ፣ እንዲያው ይውሰዱት። ለነፍስ የተሰጠ ነው።»

የጽድቅ ነው ማለቴ ነበር። የሚመጸውት ሁሉ ለነፍሴ ብሎ አይደል የሚሰጠው? እሳቸው ግን እጃቸውን ከቋጠሮው ላይ አነሡ።

«ለማን ነፍስ?»

ምነው ያን ጊዜ አፌን በቆረጠው! «እንዲያው... ለሰጪዎቹ» ብዬ ተንተባተብኩ። ካፖርቱን ቀስ አድርገው ጠረጴዛው ላይ መለሱና እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

«እኔ ልጄን ከሞት አፍ አውጥቼ ነው የምወስዳት። ምነው አንቺ የሙት ልብስ ታለብሽብኛለሽ?» ብለው ወጡ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስሟገተው የኖርኩትን ወሬ በገዛ አፌ እውነት አደረግሁት። ሱቁን ዘጋሁ፤ ካፖርቱን ታቅፌ ማኪናዎቹ ወደሚጫኑበት ሮጥኩ።

ልጅቷ ከጨው ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። ዘጠኝ ወይ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። የአባቷ ጋቢ ተደርቦላት፣ እሳቸው በእጀ ጠባብ ብቻ ቆመዋል። ጋቢው ገና ሳይነሡ በካፊያው ረጥቧል። ካፖርቱን ስታይ እጇን ዘረጋች፤ አባቷ እጇን ያዙ።

«አያ፣ የሙት አይደለም» አልኩ እያለከለክሁ። «ለብሳው የነበረችው የፈረንጅ ልጅ ናት፤ ጠቧት ተወችው። ደኅና ናት፣ በሕይወት አለች።»

ይህን ከየት አመጣሁት? ልብሱ የሚደርሰን በጥቅል ነው፤ ማን እንደሰጠው እኛም አናውቅም።

አተኩረው አዩኝ። «ልጅ አለሽ?»

«አንዲት አለችኝ።»

«እንግዲያስ ልጄን ይንሣኝ በይና እቀበልሻለሁ።»

ከእኔ የሚፈለገው ሁለት ቃል ነው። እሳቸው ካሉት የማይመለሱ ሰው ይመስላሉ፤ ብምልላቸው እዚያው ያለብሷት ነበር። አፌን ከፈትኩ። የሙት ልብስ ማለት አለማወቅ ነው እያልኩ በስንቱ በተሳለቅሁት በእኔ ፊት የሦስት ዓመት ልጄ መጥታ ድቅን አለች። ደግሞ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ ከዚያ ሱቅ ለእሷ አንዲት ሹራብ እንኳ ወስጄላት አላውቅም። የድኃ ድርሻ ነው እያልኩ ነበር ራሴን የምሸነግለው።

ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ። ሳልምል ካፖርቱን መልሼ ታቀፍኩት።

«ይኸውልሽ» አሉ ሰውየው። ቁጣ እንኳ አልነበረባቸውም። «አንቺም አታምኚው።» ጆንያው ላይ ወጡና ልጅቷን በእቅፋቸው ሸሸጓት።

ማኪናው ከሄደ በኋላም ብዙ ቆምኩ። ዳባት በሰላም ትድረስ አትድረስ አልሰማሁም፤ ከዚያ አገር የመጣ ሰው ሱቅ ሲገባም አልጠየቅሁም። አንዲት ልጅ ብርድ እንዳይመታት መዋሸት ጽድቅ ነበር፤ ይህን ያን ጊዜም አውቅ ነበር። እኔ ግን የራሴን ልጅ መረጥኩ። ዛሬም ያ ማኪና ፊቴ ቢቆም የምመርጠው እሷኑ ነው፤ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።