ያሳጠርኩት መንገድ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ስለ ሌሎች ሰዎች ጥፋት ግን ሃያ ዓመት ያህል በጋዜጣ ጽፌያለሁ፤ እናንተም እያነበባችሁ «አበጀህ» ብላችሁኛል። ዛሬ ተራው የእኔ ነው።

ጸሐፊ ከመሆኔ በፊት በአንድ ትምህርት ቢሮ ተቀጥሬ ነበር። መንግሥት ከመኪና መንገድ ለራቁ የገጠር ትምህርት ቤቶች ድጎማ ሊሰጥ ነው ተባለ፤ ቆርቆሮ፣ ዴስክ፣ መጽሐፍ፣ ለመምህራኑም የበረሃ አበል። እኔ የተላክሁት አንዱን ትምህርት ቤት በዓይኔ አይቼ ቅጽ እንድሞላ ነው። በቅጹ ላይ ከሁሉም የሚከብደው አንድ ጥያቄ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ከመኪና መንገድ ምን ያህል ይርቃል? ከግማሽ ቀን ጉዞ በታች ከሆነ ድጎማ የለም።

አውቶቡሱ ባወረደኝ ትንሽ ከተማ ውስጥ ርእሰ መምህሩ ጋሽ በላይነህ በቅሎ ይዘው ጠበቁኝ። በዕድሜ አጎቴ የሚሆኑ ሰው «እርስዎ» ሲሉኝ፣ ሃያ አምስት ያልሞላኝ እኔ፣ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። መንገዱ የአንድ ቀን ነው አሉኝ። ዳገት አለ፣ ወንዝ አለ። ሰማዩን አየሁ፤ ጠቁሯል። «እርስዎ ይሂዱ፤ እኔ ነገ በጠዋት እከተልዎታለሁ» አልኳቸው። ክፍል የሚጠብቃቸው ተማሪ ስላለ እሺ አሉ፤ በቅሎዋን ከባለቤቷ ጋር ተዉልኝ።

ከመሄዳቸው በፊት ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ ማኅተም አወጡ። የሩቅ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ማኅተሙን ቤት ትቶ አይወጣም፤ አንድ ማኅተም የጎደለበት ወረቀት የሁለት ቀን እግር ያስከፍላል። ከቀበሌው ቀለም ተውሰው «እላይ ቀለም አልቆብናል፤ እዚሁ ላትምልዎ» አሉኝ።

«ሳይሞላ?»

«ታዲያ የሚሞሉት እርስዎ አይደሉ?» ብለው ሳቁ፤ አተሙትም።

በማግስቱ በቅሎዋን መለስኳት። ዝናቡ ሳይጥል አልፏል። ወንዙ አልሞላም። አላመመኝም። ጫማዬ አዲስ ነበር፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት ልፈልግላችሁ ዓመታት ሞክሬ አጣሁ።

ቅጹን አውቶቡስ ውስጥ ሞላሁት። «በአካል ተገኝቼ አይቻለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ርቀቱ ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። እውነቱን ብጽፍ አንድ ቀን ለመሄድ፣ አንድ ቀን ለመመለስ ያስፈልገኝ ነበር፤ እኔ ግን ነገ ቢሮ ልገባ ነው። ቀኖቹ አይገጥሙም። ስለዚህ «የሁለት ሰዓት መንገድ» ብዬ ጻፍኩ። እኔ ነኝ የጻፍኩት። የሚያውቀው ሰው የነገረኝን የአንድ ቀን መንገድ ውሸቴ እንዲገጥምልኝ አሳጠርኩት። ከሥሩ ደግሞ ያ ያመነኝ ሰው ማኅተም አለ።

ድጎማው አልሄደላቸውም። አለቃዬ በፍጥነቴ አመሰገነኝ። ጸሐፊ ከሆንኩ በኋላም፣ በማንኛውም ነገር ከሰው ተቃራኒ መቆም የምወድ ሰው፣ «ድጎማ ትምህርት ቤትን ሰነፍ ያደርጋል» የሚል ረጅም ጽሑፍ አሳተምኩ። ጥሩ ጽሑፍ ነበር። አሁን ሳስበው ለማን ነበር የምከራከረው? ማንስ ከስሶኝ ነበር?

ከሦስት ዓመት በፊት ሽሮ ሜዳ ታክሲ ስጠብቅ አንድ ሽማግሌ ክንዴን ያዙኝ። «አንተ! የቢሮው ልጅ!» ጋሽ በላይነህ ነበሩ። ጡረታ ወጥተው ቀጨኔ ልጃቸው ቤት ገብተዋል። እዚያው ሰልፉ ላይ ቆመን ሁሉንም ነገሩኝ። አበሉ ሲቀር መምህራኑ አንድ በአንድ ሄዱ፤ አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ተዘጋ፤ አራተኛን የጨረሱት ልጆች ቤታቸው ቀሩ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ያዘንኩ መስሏቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «አንተን ወንዙ አስፈርቶ መለሰህ እንጂ የነገርኩህን ጽፈህልን ነበር። በጀት ጠፋ፣ ምን ታደርግ!»

ያኔ መናገር እችል ነበር። ታክሲው መጣ፤ ገባሁ።

ስልኬን ወስደው ስለነበር ቤታቸው ይጠሩኝ ጀመር፤ እኔም እሄዳለሁ። ዘንድሮ ዓይናቸውን ሞራ ሸፈነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የቀጨኔን ዳገት ወጥቼ ጽሑፎቼን አነብላቸዋለሁ። ገና ስገባ «ዛሬ ደግሞ ከማን ጋር ተጣላህ?» ይሉኛል። ለጎረቤት ሲያስተዋውቁኝ «ለትምህርት ቤታችን የተሟገተ ልጅ ነው» ይላሉ። ልጃቸው ከሻይ ጋር ዳቦ ታቀርብልኛለች፤ እኔም እበላለሁ። አንባቢዬ፣ ይህን ዳቦ እንዴት ነው የምውጠው?

በዚህ ቅዳሜ ይህን ጽሑፍ ይዤ እሄዳለሁ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነብላቸዋለሁ። እንዲህ የሚወደኝ ሌላ ሰው የለኝም፤ እሳቸውን ላጣ እችላለሁ። ቢቆጡ፣ ከቤታቸው ቢያስወጡኝ ልክ ናቸው። ከቁጣቸው ይልቅ የምፈራው ደግነታቸውን ነው፤ እጄን ይዘው «ተወው፣ ያኔ ልጅ ነበርክ» እንዳይሉኝ።

ልጅ አልነበርኩም። ልጆቹ እላይ ነበሩ፤ የተዘጋው አምስተኛ ክፍል እስኪከፈት ይጠብቁ ነበር።