ንግግር ሲረዝም የሚከፈት አልበም

ያ አልበም ሸዋ ሮቢት የገባ ሰሞን ያላለቀሰ ሰው አልነበረም። የድሮ ዘፈኖችን ለቃቅሞ በኪቦርድ ያለሰለሰ ሥራ ነው፤ አዝማቹን ሁሉም ስለሚያውቀው ዘፋኙ ባይኖርም የሚጎድል ነገር የለም። ላብ በላብ ሆነን ባጃጅ ውስጥ ተጨናንቀን የደጋ ጉም እንናፍቃለን። የትምህርት ቤታችን ሒሳብ ሠራተኛ፣ ገና ሃያ አምስት ያልሞላው ልጅ፣ "ያ ዘመን!" እያለ ዓይኑን ይጠርጋል። የትኛው ዘመን እንደሆነ ብጠይቀው ተቀየመኝ።

እኔ የምናፍቀው ዘመን አልነበረኝም። የምጠብቀው አንድ ቃል ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት የትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ ሲጠፋ፣ አንጋፋው የባዮሎጂ መምህር፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የዚሁ የቀወት ወረዳ ተወላጅ፣ መምህራን በተሰበሰቡበት ወደ እኔ እየጠቆሙ "ይሄ መጤ ነው የሰረቀው" አሉ። ዕቃው በሁለተኛው ሳምንት ከካርታዎቹ ጀርባ ተገኘ። እሳቸው ግን ይቅርታ አላሉኝም። እስከ ዛሬ ቁልፍ ስይዝ እጄን የሚከታተሉ ባልደረቦች አሉ፤ ይህ ያንገበግበኛል።

ጡረታ ሲወጡ ሽኝት ተዘጋጀ። በዚያ ሐሩር ወፍራም ጋቢ ደረብንላቸው፤ ጋቢ የሌለበት ሽኝት ሽኝት አይባልም። ርዕሰ መምህሩ ዘፈን መክፈቱን ለእኔ ሰጡኝ። "ንግግር ከረዘመ ምልክት እሰጥሃለሁ፤ አልበሙን ልቀቀው" አሉኝ። እኛ ዘንድ ሽማግሌን ቁጭ ይበሉ ማለት ነውር ነው፣ በዘፈን ማስቀመጥ ግን ክብር ነው።

ጋሼ ላባቸው እየተንቆረቆረ ተነሱ። "ስለ ላቦራቶሪው አንድ ነገር አለ..." ብለው ጀመሩ። ውሃ የማይመጣበትን የላቦራቶሪ ቧንቧ ዘመናቸውን ሙሉ ሲያነሱት ስለኖሩ፣ መጣብን አልኩ። ርዕሰ መምህሩ ጣታቸውን አነሱ። ለቀቅኩት።

አዳራሹ በሙሉ ተቀበለ። ሒሳብ ሠራተኛው ያለቅሳል፤ እኔም፣ መዋሸት አልችልም፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ዘፈንኩ። ጋሼ ቀስ ብለው ተቀመጡ። አልበሙን ከዳር እስከ ዳር ጨረስነው፤ እንዲህ ያለ ሽኝት ታይቶ አይታወቅም ተባለ።

በማግስቱ ኮምቦልቻ ወዳለችው ልጃቸው ሲሄዱ ሻንጣቸውን ይዤ እስከ መናኸሪያ ሸኘኋቸው።

"ጋሼ፣ ትናንት ያልጨረሱት ንግግር ምን ነበር?" አልኳቸው፣ ለጨዋታ ያህል።

"ያንተው ነገር ነበራ! በሰው ፊት ያዋረድኩህን በሰው ፊት አውፍ በለኝ ልልህ ነበር። ሦስት ቀን ነው ያጠናሁት። ግን ወላሂ፣ እንዲያ ደስ ብሎህ ስትዘፍን ሳይህ፣ ረስቶታል ብዬ ተውኩት።" ፊቴን አዩኝ። "ረስተኸዋል አይደል?"

ሻንጣውን አቀበልኳቸው።

"ረስቼዋለሁ፣ ጋሼ" አልኩ። ያንን ቃል መስማት የነበረበት ሰው ሁሉ ትናንት አዳራሹ ውስጥ ነበር፤ ዘፈኑን የከፈትኩት ደግሞ እኔ ነኝ።