«ሞክር» የሚለው ቁልፍና የዕድራችን ጡሩምባ

ሥራ የጀመርኩበትን ቀን አልረሳውም። ፒያሳ፣ ከቸርችል ጎዳና አናት ገባ ብላ ባለች የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ውስጥ፣ አለቃዬ አቶ ሸምሱ አንድ ካቻቪቴና አንድ የተበታተነ ኮምፒውተር ሰጡኝ። «ግጠመው» አሉ። «መመሪያው የት አለ?» አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና «መመሪያው እኔ ነኝ» ብለው ለምሳ ወጡ።

እስኪመለሱ ገጠምኩት። አራት ብሎን ተረፈኝ። አቶ ሸምሱ ብሎኖቹን ኪሳቸው ከተቱና «ሁሌም ይተርፋል» አሉኝ። ሃያ ዓመት ያህል የሠራሁት በዚህ ትምህርት ነው። ደንበኛ እንዴት እንዳስተካከልኩት ሲጠይቀኝ «አንተ ምን አገባህ፣ ሲበላሽ አምጣው» እል ነበር። የማውቀውን ብጽፈው ማን ይፈልገኛል?

ኋላ ኦፕን ሶርስ የሚባለው መጣ። ፕሮግራሙ በነፃ ይወርዳል፤ ኮዱ ክፍት ነው፤ የፈለገ ያነበዋል፣ የፈለገ ያሻሽለዋል። እውነቴን ነው፣ ከልቤ ወደድኩት። ጣጣው መመሪያው ላይ ነው። የመጀመሪያው ገጽ «አጫጫኑ እጅግ ቀላል ነው» ይላል። ሁለተኛው «ይህ ክፍል ወደፊት ይጻፋል» ይላል። ሦስተኛ ገጽ የለም። ግራ ገብቶህ የኢንተርኔት መድረካቸው ላይ ስትጠይቅ «መመሪያውን አንብብ» ይሉሃል። ጉድ እኮ ነው! ለካስ ባሕር ማዶም አቶ ሸምሱ አለ፤ ያኛው ግን ለምሳ ከወጣ አይመለስም።

የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ያደረገኝ ይኸው ሙያዬ ነው። እሪ በከንቱ አካባቢ ብዙ ቤት ፈርሶ ግማሹ ዕድርተኛ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። ሰው ሲሞት ጡሩምባ እየነፉ የሚለፍፉት ጋሽ ዘውዴ ድምፃቸው እዚያ ድረስ አይሰማም። የዕድሩ ሰብሳቢ ጋሽ አስፋው «እንግዲህ እንዘምን» አሉ። እኔም ለማኅበራት ተብሎ የተሠራ አንድ ነፃ ፕሮግራም አወረድኩ። የሟቹን ስም ስታስገባለት ለአባላቱ ሁሉ በሞባይል መልእክት ይልካል።

ጋሽ ዘውዴ ጋቢ ተሸልመው ተሰናበቱ። ርክክብ እንድንፈጽም ታዘዝን። እኔም «ጡሩምባ፣ ብዛት አንድ፣ አፉ ላይ ትንሽ የተጎዳ» ብዬ ጻፍኩና ፈርሜ ተረከብኩ። «ሌላ የምትጠይቀኝ ነገር የለም?» አሉኝ። «ምን እጠይቅዎታለሁ ጋሼ፣ መንፋት አይደል እንዴ?» አልኳቸው። ጋቢያቸውን አጣፍተው ሄዱ።

ፕሮግራሙ ላይ «ሞክር» የሚል ቁልፍ ነበር። መመሪያው ስለ እሱ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ለመሞከር ‹ሞክር› የሚለውን ይጫኑ።» ተጫንኩት። ስክሪኑ ላይ ናሙና ያሳየኛል ብዬ ነው። እሱ ግን እኔ ባዘጋጀሁት የሐዘን መልእክት ውስጥ ከመዝገቡ አንደኛ ተራ ቁጥር ላይ ያለውን ስም ሰክቶ ለሁሉም ላከው። አንደኛ ተራ ቁጥር ላይ ያሉት ጋሽ አስፋው ናቸው።

ሰውየው ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ካፌ ውስጥ ባንኮኒ ተደግፈው ማኪያቷቸውን ይጠጣሉ። ስልካቸው ጮኸ። መነጽራቸውን አድርገው «አቶ አስፋው ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለዩ ቀብራቸው ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ይፈጸማል» የሚለውን አነበቡ። ሰዓታቸውን አዩ፤ አሥር ሆኗል። «አንድ ሰዓት አርፍጃለሁ» ማለታቸውን የካፌው ሰው ሁሉ ይመሰክራል። ከዚያ በኋላ ስልካቸው ጸጥ አለ። የሞተ ሰው ጋ ማን ይደውላል?

ቀስ ብለው ቤታቸው ሲደርሱ ድንኳኑ ሊቆም ነው፤ ዕድራችን በዚህ አይታማም። ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ በሰው ተደግፈው ያለቅሱ ነበር። ባላቸውን ሲያዩ ራሳቸውን ሳቱ። በዚያ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ጋሽ አስፋው ግን ሚስታቸው ነፍስ ከዘሩ በኋላ ወንበር አስመጥተው ድንኳኑ በር ላይ ተቀመጡ። «አንተ ልጅ፣ ውለታህ አለብኝ» አሉኝ። «ማን እንዳለቀሰ አይቻለሁ። የቀረውንም መዝግቤያለሁ።»

ማስተባበያ ላክሁ። «ማስተባበያውም ሙከራ ነው?» የሚል መልስ መጣልኝ።

ለፕሮግራሙ ሠሪዎች የሆነውን ጽፌ፣ መመሪያው ላይ «‹ሞክር› የእውነት ይልካል» የሚል መስመር እንዲገባ ጠየቅሁ። ዋናው ኃላፊ «ኮዱን ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል» አለኝ። ታዲያ እትዬ አልማዝን ኮድ ያንብቡ ልበላቸው? ሌሎችም ገቡበት። አንዱ ነጠላ ሰረዝ ይጨመር አለ። ሌላው ነጠላ ሰረዝ ያለ ስብሰባ አይጨመርም አለ። አንዷ ደግሞ ቁጣዬን በትሕትና እንድገልጽ መከረችኝ። ቁልፉን የነካ ግን የለም።

ክርክሩ ሳያልቅ እማማ ደስታ አረፉ። ካልፈረሱት ቤቶች ባንዱ ከልጃቸው ከአዜብ ጋር የሚኖሩ ሴት ነበሩ። አዜብ ጠዋት ደወለችልኝ። እኔ ሱቄ ቁጭ ብዬ ስማቸውን አስገባሁና ላክሁ፤ ከዚያ ወደ ጥገናዬ ተመለስኩ። መልሱ ይጎርፍ ጀመር። «ደግሞ ማንን ገደልክ?» «እማማን ሰላም በልልን፣ ማኪያቶ ጋብዛቸው!»

ስድስት ሰዓት ላይ አዜብ እንደገና ደወለች። «ወንድሜ፣ መልእክቱ አልደረሰም እንዴ? እኔና አንዲት ጎረቤቴ ብቻ ነን። ሬሳው እኮ በዘጠኝ ሰዓት ይወጣል።» ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር። አልተቆጣችም።

እየሮጥኩ ጋሽ ዘውዴ ጋ ሄድኩ። ጋቢያቸውን ለብሰው ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። «እማማ ደስታ አርፈው ሰው አልመጣም፤ ጡሩምባውን ላምጣልዎት?» አልኩ እያለከለክሁ።

«ጡሩምባው ምን ያደርግልኛል? ለመሆኑ ቤቷ ሄደሃል?»

«አልሄድኩም።»

«በዓይንህ አይተሃል?»

«አላየሁም።»

ተነሡ። «እኔ ሬሳ ሳላይ ነፍቼ አላውቅም። ሰው የሚያምነኝ ለዚህ ነው። ስንረካከብ ጠይቀኝ አልኩህ፤ አንተ ጡሩምባ ቆጠርክ።»

እማማ ደስታ ቤት ገቡ፣ አዩ፣ አለቀሱ። ቤተ ክርስቲያኑንና ሰዓቱን ከአዜብ አፍ ሰሙ። ከዚያ ከኪሳቸው አሮጌ ደብተር አወጡ። ለካስ በየኮንዶሚኒየሙ አንድ አንድ ሰው አላቸው። «ዘውዴ ነኝ። በዓይኔ አይቻለሁ። የዕድርተኛውን በር አንኳኳ» አሉ። ስድስት ቦታ ብቻ ነው የደወሉት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግቢው ለሰዉ አልበቃም።

ሁሉም ግን አልደረሰም። የእማማ ደስታ የልጅነት ጓደኛ እትዬ የሺ ከከተማው ዳር በሁለት ታክሲ ሲደርሱ ሟቿ አፈር ለብሰው ነበር። «መልእክቱን ጠዋት አይቼው ነበር» አሉኝ። «ስቄ ዘጋሁት።»

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ዘውዴ ሱቄ እየመጡ የልፈፋውን ሥራ ከሀ እስከ ፐ ነገሩኝ፤ እኔም መመሪያ አድርጌ ጻፍኩት። «ይሄማ ይታወቃል» ብዬ ልዘለው ያልኩትን ሁሉ «ጻፈው!» እያሉ ይቆጡኛል። ባሕር ማዶዎቹም ከብዙ ወራት በኋላ ስለ «ሞክር» የላክሁትን መስመር ተቀበሉት። ነጠላ ሰረዝ የለውም።

አዜብ ምክትል ጸሐፊ ሆና ስትመረጥ ወረቀቱን ሰጠኋት። «ምንም አልነግርሽም። ይህን ብቻ እያየሽ ሥሪው» አልኳት። የመጀመሪያው መስመር «ከሁሉ በፊት ሐዘንተኛው ቤት ሂድ» ይላል። አነበበችውና ቀና አለች።

«ያን ቀን ጠዋት ስደውልልህ አልመጣህም» አለችኝ።

«አልመጣሁም።»

እስክሪብቶዬን ከባንኮኒው ላይ አንሥታ ከሥሩ ጨመረችበት፦ «ሐዘንተኛው ብቻውን ከሆነ ሰው እስኪመጣ አብረኸው ቆይ።»

ያን መስመር እኔም ጋሽ ዘውዴም አላሰብነውም ነበር። መመሪያን የሚጽፈው የሚያውቅ ሰው ነው፤ የጎደለውን የሚያውቀው ግን የቸገረው ሰው ነው። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ለእሱ ስጡት፤ እስክሪብቶም ጨምሩለት።